በርጩማ ያጣ ሱቅ

ባለፈው ቅዳሜ አራት ሆነን ጫማ ልንገዛ ልደታ ወረድን። ጫማ የምትገዛው አንዷ ናት፤ ሦስታችን አጃቢ ነን። መቼም በዚህ ከተማ ጫማ ብቻውን የሚገዛ ሰው የለም። አንዱ ይመርጣል፣ አንዱ ያጣጥላል፣ አንዱ ዋጋ ያስቀንሳል፣ አንዷ ትከፍላለች።

የመጀመሪያው ሱቅ በር ላይ ቆመን ገና ዓይናችንን ስንጥል «ምን ነበር?» የሚል ድምፅ ከውስጥ መጣ። «ምን ነበር?» ጥያቄ ይመስላል እንጂ ጥያቄ አይደለም። ሲተረጎም «የምትገዙትን ንገሩኝ፣ ካልሆነ በሩን ልቀቁ» ማለት ነው። ሁለተኛው ሱቅ ገባንና ዋጋ ጠየቅን። ልጁ ከስልኩ ቀና ሳይል «ትገዛላችሁ ወይስ ዝም ብላችሁ ነው?» አለን። ወንድማችን፣ ዋጋውን ሳናውቅ መግዛት አለመግዛታችንን በምን እንወቅ? ሦስተኛው ሱቅ ውስጥ ደግሞ ጓደኛችን አንድ እግሯን አንጠልጥላ፣ በአንዱ እግሯ ቆማ፣ እኛን ተደግፋ ጫማ ለካች። መቀመጫ የለም። ልብስ ቤት ቢሆን ይሁን፤ የጫማ ሱቅ ነው እኮ! መቀመጫ የሌለው የጫማ ሱቅ መስታወት እንደሌለው ፀጉር ቤት ነው።

አራተኛው ሱቅ ስንደርስ ተስፋ ቆርጠን ነበር። «ግቡ እንጂ፣ ምን በር ላይ ያስቆማችኋል?» አሉን አንድ ጎልማሳ ሰው። ከጠረጴዛው ሥር አንዲት ትንሽ የእንጨት በርጩማ ስበው አወጡና «ነይ የኔ ልጅ፣ አረፍ ብለሽ ለኪው» አሏት። ሦስት ጥንድ አወረዱ። አንዱ ጠበባት፣ አንዱ ሰፋት። በመሀል ስለ ታክሲ ሰልፉና ስለ ዝናቡ አወራን። ሦስተኛው ልክ ሆነ። ስንወጣ ሰዓት ብናይ 40 ደቂቃ ቆይተናል። ጓደኛችን ጫማዋን ገዝታለች፤ ካልሲ የመግዛት ሐሳብ ጨርሶ ያልነበረው ሌላው ጓደኛችን ሁለት ጥንድ ካልሲ ይዞ ወጥቷል። ዋጋቸው ከሌሎቹ የረከሰ አልነበረም። ዕቃቸውም ያው የሁሉም ዕቃ ነው። ልዩነቱ አንዲት በርጩማና አንድ «ግቡ እንጂ» ብቻ ነበር።

ይህን ጽሑፍ ያጻፈችን ያቺ በርጩማ ናት።

የለስላሳ ሳጥን ዘመን

የምናወራው ስለ ንግድ ስልት ብቻ አይደለም። ሱቅ በእኛ አስተዳደግ ውስጥ የዕቃ መሸጫ ብቻ ሆኖ አያውቅም። በ1990ዎቹ ያደግን ልጆች የሰፈራችንን ሱቅ እናስታውሳለን። መስኮቱ ጠባብ ነው። ከመስኮቱ ፊት ለፊት ወይ አግዳሚ፣ ወይ ትልቅ ድንጋይ፣ ወይ የተገለበጠ የለስላሳ ሳጥን አለ። ሳጥኑ ላይ ሁልጊዜ አንድ ሰው አለ። እናቶቻችን ሲወጡ ቁልፍ የሚያስቀምጡት ባለሱቁ ጋ ነው። ቤታቸው ስልክ የሌላቸው ጎረቤቶች የሚደወልላቸው ሱቁ ስልክ ላይ ነው፤ እኛ ልጆቹ «ስልክ መጥቶልዎታል!» እያልን በየደጁ እንሮጣለን። ደመወዝ እስኪደርስ ዘይቱም ስኳሩም ከዱቤ ደብተር ላይ ይወጣል። «ዱቤ ዛሬ የለም፣ ነገ ይምጡ» የሚል ወረቀት የለጠፈው ባለሱቅ ራሱ ከወረቀቱ ሥር ደብተር ነበረው።

ሬይ ኦልደንበርግ የተባለ አሜሪካዊ የሶሲዮሎጂ ምሁር በ1989 (እ.ኤ.አ.) ባሳተመው መጽሐፍ ለእንዲህ ዓይነቱ ስፍራ ስም አውጥቶለታል፤ «ሦስተኛ ቦታ» ይለዋል። አንደኛው ቤት ነው፣ ሁለተኛው ሥራ ነው፣ ሦስተኛው ሰው ያለ ቀጠሮ ሄዶ ሰው የሚያገኝበት ነው። ካፌ፣ ፀጉር ቤት፣ መጻሕፍት ቤት፣ የሰፈር ሱቅ። እኛ ስሙን ሳናውቅ ሳጥኑ ላይ ተቀምጠን ኖረናል።

ድሮን ግን ማር አንቀባም። ያ ሳጥን ለሁሉም እኩል መቀመጫ አልነበረም። እኛ ሴቶቹ ሱቅ ስንላክ ሳጥኑ ላይ የተደረደሩትን ጎረምሶች አልፈን ነበር የምንሄደው፤ ለከፋው መንገዱን ያስረዝመው ነበር። ባለሱቁም የማን ቤት ስንት ዕዳ እንዳለበት፣ የማን ልጅ ከማን ጋር እንደቆመች ያውቃል። አንዳንዴም ያወራል። ስለዚህ «የድሮው ይመለስ» ማለታችን አይደለም። የምንለው ከዚያ ዘመን ሳጥኑም፣ ደብተሩም፣ ሰላምታውም ተራ በተራ ሲጠፉ የሚተካቸውን አላሰብንም ነው።

ልደታ ፈርሳ ስትሠራ

ለምን ልደታ? ምክንያቱም ነገሩ በደንብ የሚታየው እዚያ ነው። በቤተ ክርስቲያኑና በፍርድ ቤቱ ዙሪያ የነበረው የድሮ ሰፈር በ2001 እና በ2002 ዓ.ም. ገደማ ፈርሶ በቦታው ኮንዶሚኒየምና የንግድ ሕንጻዎች ተነሡበት። ቤቶቹ ያረጁ እንደነበሩ፣ መጸዳጃ ቤት ለብዙ ቤተሰብ በጋራ እንደነበር ማንም አይክድም። ግን ከቤቶቹ ጋር በየደጁ እንጀራ የምትሸጠው፣ ጠላ የምትጠምቀው፣ ጉሊት የምትቸረችረውም ተነሣች። ብዙው ነዋሪ ከተማው ዳር ወጣ። የቀረውም ከአዲስ ጎረቤት ጋር ደረጃ መጋራት ጀመረ።

አሁን ደግሞ ብዙዎቻችን ልብ ያላልነው ነገር አለ። የኮንዶሚኒየም መኖሪያ ቤት በዕጣ ሲተላለፍ ምድር ላይ ያሉት የንግድ ቤቶች የተሸጡት በጨረታ ነው። ጨረታ ማለት ብዙ የከፈለ ይወስዳል ማለት ነው። ብዙ የከፈለ ሰው ደግሞ ብዙውን ጊዜ ራሱ ቆሞ አይሸጥም፤ ያከራያል። ያወጣውን ብር ለመመለስ ኪራዩን ይሰቅላል። ስለዚህ ያ ከስልኩ ቀና ሳይል «ትገዛላችሁ ወይስ ዝም ብላችሁ ነው?» ያለን ልጅ ባለሱቅ አይደለም። ምናልባት የተከራይ ተቀጣሪ ነው። ተከራዩም ቢሆን በሚቀጥለው ዓመት እዚያ መሆኑን እርግጠኛ አይደለም።

እስቲ ለምሳሌ ያህል እናስላ። 16 ካሬ ሜትር ሱቅ በወር 20 ሺህ ብር ተከራየ እንበል። አንድ ካሬ በወር 1 ሺህ 250 ብር ይመጣል። አንድ በርጩማ እላዩ ላይ ከተቀመጠው ሰው ጋር አንድ ካሬ አካባቢ ይይዛል። ነጋዴው ያቺን ካሬ ሲያይ የሚያየው በርጩማ ሳይሆን እስከ ጣሪያ የሚደረደር የጫማ ካርቶን ነው። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የቤት ኪራይ አዋጅ (ቁጥር 1320/2016) ተከራይ ቢያንስ ሁለት ዓመት ሳይነቀነቅ እንዲኖር ቢፈቅድም የሚመለከተው የመኖሪያ ቤትን ነው። የሱቅ ተከራይን አይጨምርም። ነገ የሚነሣ ሰው ዛሬ ደንበኛ አያፈራም። ደንበኛ የሚፈራው በዓመታት ነው፤ ዱቤ የሚሰጠውም ነገ እዚሁ እንደሚያገኝህ ለሚያውቅ ሰው ነው። ግልምጫው በአብዛኛው ጠባይ አይደለም፣ ኪራይ ነው። ይህን ሳንናገር ባለሱቅን ብቻ ብንወቅስ ግፍ ይሆንብናል።

መስታወት የሌለው ሞል

እዚያው ልደታ ውስጥ ለዚህ ነገር መልስ ሊሰጥ የሞከረ አንድ ሕንጻ አለ። ልደታ መርካቶ ይባላል። ንድፉን የሠራው ዣቪየር ቪላልታ የተባለ የባርሴሎና አርክቴክት ነው። ሰውዬው በ2013 (እ.ኤ.አ.) በቴድ መድረክ ቀርቦ ታሪኩን ተናግሯል። አዲስ አበባ ውስጥ ሞል ሥራ ሲባል ደነገጠ። በከተማው የነበሩት ሞሎች መስታወት የለበሱ ነበሩ፤ ፀሐይ ያግላቸዋል፣ ለማቀዝቀዝ መብራት ይበላሉ፣ ከአካባቢው ጋር አይተዋወቁም። እሱ ግን ትልቁን መርካቶ ሄዶ አየ። ሰው ከሱቅ ሱቅ እየተዘዋወረ፣ አየር እየነፈሰው፣ ሰው እያየ ሲገበያይ አየ። ከዚያ መስታወቱን ትቶ በቀዳዳ የተሞላ የኮንክሪት ግድግዳ ሠራ። ብርሃንም አየርም በቀዳዳዎቹ ይገባል። ቀዳዳዎቹ የተደረደሩት ከሀገር ልብሳችን ጥለት በተወሰደ፣ ትንሹ ትልቁን እየመሰለ በሚደጋገም ቅርጽ ነው።

እኛ ሐሳቡን ወደነዋል። ሞል ሲባል የሰማይ መስታወት መስሎ በሚታይበት ከተማ አንድ ሰው «ሰው የሚቆየው የት ነው?» ብሎ መርካቶ ሄዶ መጠየቁ ብቻውን ትልቅ ነገር ነው። ደግሞ አስቡት፤ ትልቁ መርካቶ ራሱ በጣልያን ወረራ ጊዜ የአገሬው ገበያ ከአራዳ ተነሥቶ እንዲሄድበት የተደረገ ቦታ ነው። ሰውን ከሰው ለመለየት የተሠራው ገበያ ሰው የሚገናኝበት የከተማው ልብ ሆኖ ቀረ። ያን ያደረገው የጣልያን ፕላን ሳይሆን በየበሩ የተቀመጠው ነጋዴ ነው።

ሕንጻ ብቻውን እንግዳ አይቀበልም። ይህን ከማንም በላይ የሚያውቀው ቪክተር ግሩን ነበር። ግሩን ናዚዎችን ሸሽቶ በ1938 (እ.ኤ.አ.) ከቪየና አሜሪካ የገባ አርክቴክት ነው። በ1956 ሚኒሶታ ውስጥ ሳውዝዴል የተባለውን፣ ዙሪያውን የተዘጋና ጣሪያ ያለው የመጀመሪያውን ዘመናዊ ሞል ሠራ። ሐሳቡ የቪየናን አደባባይ አሜሪካ መውሰድ ነበር፤ ሰው የሚቀመጥበት፣ የሚጨዋወትበት፣ በዙሪያው መኖሪያም ትምህርት ቤትም ሐኪም ቤትም ያለበት። ነጋዴዎቹ ከሐሳቡ ውስጥ የሚያተርፈውን መረጡ። ሱቁና የመኪና ማቆሚያው ቀሩ፣ አደባባዩ ተረሳ። ሰውዬው በስተርጅና በስሙ የሚሠሩትን ሞሎች አልወለድኳቸውም እስከማለት ደርሷል። ዛሬ በእኛ ከተማ በየመንገዱ የሚነሡት ሕንጻዎች የቀዱት ግሩን ያለመውን ሳይሆን ግሩን የካደውን ነው።

አቦል፣ ቶና፣ በረካ

ከጫማው ግዢ በኋላ ደክሞን ስለነበር አንድ የኮንዶሚኒየም ደረጃ ሥር ቡና ልንጠጣ ተቀመጥን። ቦታዋ ከሁለት ካሬ አትበልጥም። ቄጠማ ተጎዝጉዟል፣ ዕጣን ይጨሳል፣ ረከቦት አለ፣ አምስት በርጩማ አለ። ቡና የምታፈላው ልጅ የእኛ እኩያ ናት። «እንኳን ደህና መጣችሁ፣ ጠጋ ጠጋ በሉ» አለችን። ጠጋ ጠጋ ሲባል አንድ የጥበቃ ሠራተኛ፣ አንድ የባንክ ሠራተኛ የምትመስል ሴትና እኛ አራታችን ጉልበት ለጉልበት ገጠምን። ከሩብ ሰዓት በኋላ የጥበቃ ሠራተኛው የልጁን የፈተና ውጤት ለሴትየዋ እያሳያት ነበር።

እስቲ ይህችን ልጅ ከጫማ ሱቆቹ ጋር አነጻጽሯት። እሷ ጨረታ አላሸነፈችም፣ መስታወት የላትም፣ ደንብ አስከባሪ በመጣ ቁጥር ረከቦቷን ይዛ ልትነሣ ትችላለች። ግን ከሁሉም የተሻለ የገባት ነገር አለ። ቡና በእኛ ባህል ሦስት ጊዜ የሚቀዳው፣ አቦል፣ ቶና፣ በረካ የሚባለው፣ ሰው እንዲቆይ ነው። ለአንድ ስኒ ብቻ የመጣውም ጨዋታ ከያዘው ይደግማል። ባይደግም ደግሞ ነገ ይመጣል። እሷ የምትሸጠው ቡና ነው፤ ሰው የሚመለሰው ግን ለመቀመጫውና ለጨዋታው ነው።

ወንበሩ ራሱ ግን ምሥጢር አይደለም። ቶሞካን አስቡት። በ1953 (እ.ኤ.አ.) የተከፈተው የፒያሳው ቶሞካ የታወቀው ሰው ከረጅም ጠረጴዛ ሥር ቆሞ ቡና በመጠጣት ነው። ቆመውም ሰዎች እዚያ ዕድሜያቸውን አውርተዋል። የአራት ኪሎን ጋዜጣ አከራዮችም አስቡ። በጋዜጣው ደህና ዘመን ጋዜጣ መግዛት ያቃተው ሥራ ፈላጊ በጥቂት ሳንቲም ተከራይቶ፣ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ፣ ማስታወቂያውንም ፖለቲካውንም አንብቦ ይመልስ ነበር። መደብሩ ያው ድንጋዩ ነው። ፀጉር ቤትንም እዩ። ወንበሮቹ ላይ ከተቀመጡት ግማሾቹ ፀጉራቸው ትናንት የተቆረጠ ነው፤ ኳስ ለማየት ነው የመጡት። አንድም ፀጉር ቆራጭ «ትቆረጣለህ ወይስ ዝም ብለህ ነው?» ሲል ሰምተን አናውቅም። ለምን? ዛሬ ኳስ የሚያየው በሁለት ሳምንት ውስጥ ተመልሶ እንደሚቆረጥ ስለሚያውቅ ነው። ሰው እንዲቆይ የሚያደርገው አለመባረሩ ነው።

ከሱቅ የተወለደ ሙዚቃ

ደንበኛ ቆሞ ሲያወራ ባለሱቁ ይማራል። ለዚህ ከአምሃ እሸቴ የተሻለ ምሳሌ የለንም። አምሃ በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) አዲስ አበባ ውስጥ የሸክላ ሱቅ የነበረው ወጣት ነበር። ሱቁ ውስጥ የውጭ ሙዚቃ ይሸጣል። የሚመጣው ወጣት ግን የራሱን ሙዚቃ፣ የራሱን ዘፋኞች ይፈልግ ነበር። ሸክላ የማሳተም መብት ደግሞ በመንግሥት ውሳኔ ለሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ የተሰጠ ነበር። አምሃ ክልከላውን ተዳፍሮ በ1969 (እ.ኤ.አ.) አምሃ ሪከርድስን አቋቋመ፤ በዓለማየሁ እሸቴ ሸክላ ጀመረ። ዛሬ ዓለም ቁጭ ብሎ የሚያዳምጠው የዚያ ዘመን የኢትዮጵያ ሙዚቃ ትልቁ ክፍል በዚያ በር በኩል ነው የወጣው።

አንድ ነገር እንጠይቅ። አምሃ ሱቅ የገባውን ወጣት ሁሉ «ትገዛለህ ወይስ ዝም ብለህ ነው?» እያለ ቢያስወጣው ኖሮ ወጣቱ ምን እንደሚፈልግ በምን ያውቅ ነበር?

«ሥራ ፈት ይሰበሰብብኛል»

ይህን ሁሉ ለአራተኛው ሱቅ ሰውዬ አልነገርናቸውም። ለሌላ ባለሱቅ ግን ነግረን ነበር፤ ሰውየው ልደታ ውስጥ የሞባይል ዕቃ ይሸጣሉ። ሳቁብን። «በርጩማ ላውጣ? ጠዋት አንዱ ይቀመጣል፣ ከሰዓት አምስት ይሆናሉ፣ ሥራ ፈት ይሰበሰብብኛል። የሚገዛው ሰው እነሱን አይቶ ይሸሻል። ማታ ደግሞ ስልክ ከጎደለ ማንን ልያዝ?» አሉን።

ልክ ናቸው። ሌብነቱ አለ። የሱቅ በር ላይ የሚያሳልፉትን እየለከፉ የሚውሉ አሉ፤ ይህን ቀደም ብለን ራሳችን ብለናል። ደግሞ እኛም ንጹሖች አይደለንም። አንድ ማኪያቶ አዘን፣ አራት ሆነን፣ ባለ አራት ወንበር ጠረጴዛ ይዘን፣ ስልካችንን ሶኬት ላይ ሰክተን ሦስት ሰዓት የተቀመጥን እኛ ነን። አስተናጋጇ ስኒውን አንሥታ ጠረጴዛውን ሁለት ጊዜ ስትወለውል ምን ማለቷ እንደሆነ ገብቶን እንዳልገባን የሆንን እኛ ነን። የጠየቅነውን ልብስ ሁሉ አስወርደን፣ አስገልጠን፣ «እንመለሳለን» ብለን ያልተመለስን እኛ ነን። «እንመለሳለን» በአዲስ አበባ ገበያ ውስጥ ትልቁ ውሸት ነው። ባለሱቁም ያውቀዋል።

ግን «ሥራ ፈት» የሚባለው ሰው ማን እንደሆነ እንነጋገር። ዲግሪ ይዞ ሥራ የሚፈልግ ልጅ ነው። ከጓደኛዋ ጋር ለማውራት ቤቷ ቦታ የሌላት ልጅ ናት፤ በአንድ ክፍል ስድስት ሆነው ይኖራሉ። ጡረታ የወጡ አባት ናቸው። ይህ ሰው ቤቱ አይበቃውም፣ ሥራ የለውም፣ ሱቁ ያባርረዋል፣ ካፌው በብር ነው። ታዲያ የት ይሁን? ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በኮሪደር ልማቱ በተሠሩት መንገዶች ላይ ሰፋፊ የእግረኛ መንገድና አግዳሚዎች መጥተዋል፤ ተቀምጠንባቸዋል፣ ጥሩ ናቸው። በዚያው ሥራ ግን በየመንገዱ ዳር የነበሩ ብዙ ትንንሽ ሱቆች ተነሥተዋል። አግዳሚው መጣ፣ ከአግዳሚው ጀርባ ሆኖ «እንዴት ዋላችሁ?» የሚለው ሰው ሄደ። የከተማ አግዳሚ ላይ የተቀመጠ ሰው ቢታመም ማን ልብ ይለዋል? ሱቅ በር ላይ የሚቀመጥ ሰው ግን አንድ ቀን ቢቀር «ምን ሆኖ ነው?» ይባላል። እዚህ ላይ ነው ጉዳዩ የጫማ ግዢ መሆኑ የሚያበቃው።

እንግዲህ ምን ይሁን?

ባለሱቆች ሆይ፣ ብር የማያስወጡ ወይም ጥቂት ብቻ የሚያስወጡ አራት ነገሮች እንለምናችኋለን።

አንደኛ፣ ዋጋ ለጥፉ። «ስንት ነው?» ብሎ መጠየቅ በግልምጫ የሚያስቀጣበት ምክንያት የለም። ዋጋው ከተለጠፈ የማይችለው ሰው ሳይሸማቀቅ ይወጣል፣ የሚችለው ሳይፈራ ይገባል። መከራከሩ ከፈለገ ከዚያ ይቀጥላል።

ሁለተኛ፣ ሰላምታ ስጡና ተዉን። «ምን ነበር?» የሚለውን በ«እንደምን ዋላችሁ፣ እዩ» ቀይሩት። ሰው ሲያይ ኋላ ኋላው አትከተሉት። የሚሰርቅ አለ ብላችሁ የማይሰርቀውን አታዋርዱት።

ሦስተኛ፣ አንዲት በርጩማ። አምስት አላልንም። አንዲት። ተቀምጦ የሚለካ፣ እናቱን ይዞ የመጣ፣ ነፍሰ ጡር የሆነች፣ ጉልበታቸው የሚያማቸው አዛውንት ይቀመጡባታል። አንዲት በርጩማ ሥራ ፈት አትሰበስብም። ለ16 ካሬ ሱቅ በወር 1 ሺህ 250 ብር ነው ብለን አስልተናል፤ እንግዲህ ያቺ በርጩማ በወር አንድ ጫማና ሁለት ጥንድ ካልሲ ካሸጠች ኪራይዋን ከፍላለች።

አራተኛ፣ ተቀጣሪውን አክብሩት። ቀኑን ሙሉ ቆሞ የሚውል፣ ለምሳ የማይወጣ፣ ዕቃ ቢጎድል ከደመወዙ የሚቆረጥበት ልጅ ለደንበኛ ፈገግ አይልም። እንዲል መጠበቅም ጭካኔ ነው። ያቺ በርጩማ ደንበኛ ሲጠፋ የእሱም ትሁን።

ለእኛ ለደንበኞቹ ደግሞ ሁለት ነገር። የማንመለስ ከሆነ «እንመለሳለን» አንበል፤ «አልሆነንም፣ እናመሰግናለን» ማለት ምላስ አይቆርጥም። ጠረጴዛ ስንይዝ ሰዓቱን እንይ፤ ካፌው ሲሞላ እንነሣ።

ለሕንጻ ባለቤቶችና ለከተማው ሹሞች አንድ ነገር ብቻ። ለመኖሪያ ቤት ተከራይ የታሰበው የሁለት ዓመት ዋስትና ለትንሽ ሱቅ ተከራይም ይታሰብለት። በየዓመቱ የሚነቀል ሱቅ ሰፈር አይሠራም።

ከልደታ ስንመለስ በፍርድ ቤቱ በኩል ነበር ያለፍነው። ቅዳሜ ስለሆነ ጭር ብሎ ነበር። በሥራ ቀን ግን አይተነዋል። ከየአቅጣጫው ቀጠሮ የያዘ ሰው ይመጣል፤ ጠዋት ሦስት ሰዓት ተብሎ የመጣ ሰው ስሙ እስኪጠራ እኩለ ቀን ይሆናል። በአካባቢው ፎቶ ኮፒ የሚያነሡና ማመልከቻ የሚጽፉ ሱቆች ሞልተዋል። ከእነዚህ አንዱ በሩ ላይ አንድ ያረጀ አግዳሚ አለው። ባለፈው ወር ከጓደኛችን ጋር ለጉዳይ ሄደን ሳለ ነጠላ ያደረጉ፣ ከክፍለ ሀገር የመጡ የሚመስሉ አንዲት እናት ወረቀት በፌስታል ይዘው እዚያ አግዳሚ ላይ ተቀምጠው ነበር። አንድ ገጽ እንኳን ፎቶ ኮፒ አላስነሡም። ባለሱቁ ልጅ ከማሽኑ ላይ ቀና ብሎ «እማማ፣ እዚሁ ይቆዩ፣ ፀሐይ ላይ አይውጡ። ሰዓቱ ሲደርስ እኔ እነግርዎታለሁ» አላቸው።

ከዚያ ቀን ወዲህ ፎቶ ኮፒ ሲያስፈልገን ሌላ ቦታ አንሄድም።